ግራጫው ማጀት የገባ ዕለት

በሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ ግራጫው ጭራቅ የወፍጮ ቤቷን መበለት በር ገፍቶ ይገባል። መበለቷ ከምድጃው ዞር ትላለች። አፏን ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የለም።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ከእኔ በፊት የሲኒማ ማሽኑን የያዘው ሰውዬ እንቅልፍ ወሰደው፣ ፊልሙ መብራቱ ላይ ተይዞ ቀረ፣ አራት ደቂቃ ያህል ነደደ። የተረፈውን ቆርጦ ቀጠለው። ሥራውን ሲያስረክበኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው የነገረኝ። አንደኛ፣ አትተኛ። ሁለተኛ፣ የጥቅምቱ ፊልም ቅጥያ ጋ ስትደርስ ተጠንቀቅ።

ቅጥያው ሲያልፍ ግራጫው ከቤቱ ወጥቶ በበረዶ ውስጥ ወደ ግንቡ ሲያዘግም ይታያል። አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ አለ። ሲገባ አልነበረውም።

ከተማችን ከሃምሳ ዓመት በላይ ያሰበችው ስለዚያ ሻርፕ ነው። የከሰል ጉድጓድ ሰዎች ነን፤ ብርድ እናውቃለን። አንድ እንግዳ በበረዶ በር ገፍቶ ገብቶ አንገቱ ተጠቅልሎ ከወጣ፣ ሴትየዋ አብልታዋለች ማለት ነው። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ ምን አበላችው የሚለው ነበር። ስሎቫኮቹ ጎመን አሉ። ፖላንዶቹ ፒሮጊ አሉ፣ ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ። ፖላንዶቹ በቁጥር በለጡ።

እንዲህ ሆኖ ልማዱ ተተከለ። በጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሉና ሲኒማ ይሞላል። ቅጥያው ጋ ስንደርስ ማሽኑን አቆምና መብራት አበራለሁ። ከከተማው ሰው አንድ ወንድና አንዲት ሴት መድረኩ ላይ ይወጣሉ። ጠረጴዛ፣ ወንበርና ድስት አለ። የተቃጠለውን እነሱ ይጫወቱታል። ሲያበቃ መብራቱን አጠፋለሁ፤ ግራጫው ሻርፑን አድርጎ በረዶው ውስጥ ይሄዳል።

አንድ ደንብ ብቻ አለ። ግራጫው በፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይናገርም፤ ያጉረመርማል። ስለዚህ መድረክ ላይ የወጣውም አይናገርም። አንድ ዓመት የሂሳብ አስተማሪው ግራጫውን ሆኖ ወጣና ሲጎርስ «አመሰግናለሁ» አለ። ሕዝቡ ፈንዲሻ ወረወረበት። በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ሻጩ አጉረመረመበት። በዓመቱ ከተማውን ለቆ ሄደ።

ፊልሙ የሚያስፈራ አይደለም። ከእኔ ሁለት ዓመት ይበልጣል፣ እኔ ደግሞ ሰባ ዘጠኝ ነኝ። የሌሊት ወፏ የተንጠለጠለችበት ክር ከመጨረሻው ረድፍ ይታያል። የግንቡ ድንጋይ ሰው ሲደገፈው ይወዛወዛል። ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ያለቅሳሉ፣ በሁለተኛው ዓመት ከፊት ለመቀመጥ ይጋፋሉ። ሰው ለምን እንደሚመጣ ጠይቀውኝ ያውቃሉ። በዓመት አንዴ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ያንኑ በር ገፍቶ የሚገባ ጭራቅ ዘመድ ነው። ዘመድን ደግሞ ቆንጆ ስለሆነ አይጠይቁትም።

መድረክ ላይ ግራጫው ክሌም ቦርኮ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። መበለቷ ቬልማ ናት። በትምህርት ቤት ማጀት ስታበስል ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ይህን ክፍል መጫወት የጀመሩት በተጋቡበት ዓመት ነው።

ከተፋቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ያፋታቸው ቧንቧ ነው። የከተማውን ቧንቧ ሁሉ የሚጠግን ሰው የራሱ ማጀት ቧንቧ አሥራ አንድ ዓመት ሲያንጠባጥብ ዝም አለው። ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ ክሌምን አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ሌላ የለም» አለኝ። «እሱ አይበቃም?»

ከዚያ ወዲያ በሁለት መንገድ ልዩነት ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያን እሷ በቀኝ፣ እሱ በግራ ይቀመጣሉ። ሱቅ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሰላምታ የለም። ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል። በከተማው ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ ቬልማ አላስጠራችውም። ይህን ልብ ብያለሁ።

የተፋቱ ዓመት የማጀቱ ነገር አበቃለት ብለን ነበር። ቅዳሜው ሲደርስ እሷ ድስቷን ይዛ መጣች። እሱ ፊቱን ግራጫ ተቀብቶ መጣ።

«አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለችው። ከፍቺው በኋላ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው።

ፊቱን ተቀብቷል፤ መናገር አይችልም። አጉረመረመ።

በዚያው ቀጠሉ። ቬልማ በዓመት አራት ደቂቃ ታናግረዋለች፣ እሱ ያጉረመርምላታል። ከማሽን ክፍሉ መስኮት ሆኜ ሁሉንም አይቻለሁ።

«እግርህን ጠርገሃል?» ትለዋለች።

ያጉረመርማል።

«አልጠረግህም። አውቅሃለሁ እኮ። ተቀመጥ። ያ ጠብ ጠብ የሚለው ይሰማሃል?»

ያጉረመርማል፣ ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ይሰማኛል። ስተኛም ይሰማኛል። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሰው በሳቅ ያለቅሳል። ከሦስት ከተማ ይመጣሉ። በመጨረሻ ሻርፑን አንገቱ ላይ ትጠመጥምለትና ወደ በሩ ትገፋዋለች። አጠማጠሟን አያለሁ። አንዳንድ ዓመት ታጠብቀዋለች። አንዳንድ ዓመት ጫፉን እሸጉጣለሁ ብላ እጇ እዚያው ይቆያል።

ባለፈው መስከረም የሲኒማው ባለቤት ሎሬን ደረጃውን ወጥታ ማሽን ክፍል መጣች። ሲኒማውን ከአባቷ ወርሳ ነው የያዘችው። ደረጃ የምትወጣው መጥፎ ነገር ሲኖር ነው።

«ኤሚል፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት» አለች።

«ጣሪያው ተሠራ?»

«ከጣሪያውም ይበልጣል። የፊልሙ ሙሉ ቅጂ ባሕር ማዶ ተገኘ። አንድ ገዳም ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ። አጥበው፣ አጽድተው ጨርሰውታል። ለእኛም ይልኩልናል። ከትልቁ ከተማ ፊልም የሚያጠኑ ሰዎች ሳይቀሩ ሊያዩት ይመጣሉ።»

«ሙሉው ማለት?»

«ሙሉው ነዋ! ማጀቱም ጭምር!»

ማሽኑን መወልወል ጀመርኩ። የተወለወለ ነበር።

«ክሌም ያውቃል?»

«ምን ያስከፋዋል? ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ይረፍ። ቬልማም ትረፍ። ሁለቱን እዚያ ላይ ሳይ ሁልጊዜ ድስቱን ትደፋበታለች ብዬ ነው የምሰጋው።»

በሳምንቱ ክሌም የወንዶች መጸዳጃ ቤቱን የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ሊጠግን መጣ። ከገንዳው ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር። እኔ ነገርኩት። መፍቻው ቆመ።

«ሙሉው?» አለ ከሥር።

«ሙሉው።»

«አራቱም ደቂቃ?»

«አራቱም።»

ውኃ በግንባሩ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። አልተንቀሳቀሰም።

«ዘንድሮ አንድ ነገር ልነግራት ነበር» አለ።

«አንተ እኮ ታጉረመርማለህ እንጂ አትናገርም።»

«በማጉረምረም ነበራ ያሰብኩት።»

«ምኑን?»

«ቧንቧውን ልሥራልሽ ልላት።»

«ታዲያ ሂድና በሯን አንኳኳ። ይሄ በማጉረምረም አይገባም።»

«ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የደጁን መብራት አጠፋችብኝ።»

«ሁለተኛውስ?»

«መብራቱን አላጠፋችም። በሩን ግን አልከፈተችም። ትንሽ ይሻላል መሰለኝ።»

ከሥር ተንሸራቶ ወጣ። ጢሙ ውኃ ነበር።

«የድሮውን አሳይ» አለኝ። «አዲሱ ተበላሸ በልና።»

«እኔ ነገር አላበላሽም፣ ክሌም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አላበላሸሁም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስለዚህ ያምኑሃል።»



ቬልማን በቅዳሜው ዋዜማ ሱቅ አገኘኋት።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ሰማሁ።»

«ምን ትያለሽ?»

«ምን እላለሁ። አንድ ድስት ከማጠብ ዳንኩ።»

ቅርጫቷ ውስጥ ለአንድ ሰው የማይሆን ድንች ነበር። አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የትልቁ ከተማ ሰዎች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር በጥቁር ለብሰው ተደረደሩ፣ ደብተር ይዘዋል። ከኋላቸው ፀጉር አስተካካዩ ገስ ተቀመጠ። ገስ ፊልም ሲያይ አፉን ዘግቶ አያውቅም። ክሌም ዳር ወንበር ላይ ነው። የቀብር ሱፉን ለብሷል። ፊቱ ንጹሕ ነው፤ ከጆሮው ጀርባ ግን ግራጫ ቀለም ቀርቷል። ቤቱ ተቀብቶ ታጥቦ ነው የመጣው። ቬልማ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ጉልበቷ ላይ ትልቅ ቦርሳ ይዛ ተቀምጣለች። መነጽሯ ጉም ለብሷል። ሁለቴ ጠረገችው፣ ሁለቴ ተመልሶ ደፈነው።

ፊልሙ የመጣው በእጅ በምትያዝ፣ ባለ ቁልፍ የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ነው። ሎሬን ማስጀመሪያውና ማቆሚያው የቱ እንደሆነ አሳይታኝ ነበር። ያዳመጥኩት የማስጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ነገሩ አላማረም። በጣም ጸድቷል። የሌሊት ወፏ ስትወጣ አዳራሹ አጉተመተመ።

«ክሩ የታለ?» አለ ገስ።

ክሩን አጥፍተውታል።

«ክሩን መልሱ!»

ከትልቁ ከተማ ሰዎች አንዱ፣ ባለ ጢሙ፣ ዞር አለ። «እባክዎ፣ ይሄ እኮ ታሪካዊ ነው።»

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አለው ገስ።

ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ደረሰ። እጄ ሳላዝዘው ወደ መብራቱ ማብሪያ ሄደ፤ መለስኩት። ግራጫው በሩን ገፋ። መበለቷ ዞር አለች። አፏን ከፈተች።

ጮኸች። ከሃምሳ ዓመት በላይ በአፏ የያዘችው ጩኸት ወጣ።

ከዚያ አላበላችውም። ሻርፑን ከግድግዳ ላይ መንጭቃ፣ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ጀርባው ላይ ዘለለች። አንገቱን ጠምጥማ ማነቅ ጀመረች። ግራጫው ግራ ገብቶት እሷን እንደ ስልቻ አዝሎ ማጀቱን ዞረ። ምድጃውን መታ። ጠረጴዛው ተገለበጠ። አንድ ዙር ደገመ። በመጨረሻ እጇ ሲዝል ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አወረዳትና በሩን ከፍቶ ወጣ። ሻርፑ አንገቱ ላይ ቀረ። በረዶው ውስጥ ሄደ።

ነገሩ ይሄ ነበር። እኛ ያን ሁሉ ዓመት ፒሮጊ ስናበላው ኖረናል።

ከመጨረሻው ረድፍ የቬልማ ድምፅ መጣ።

«እንዲህ ነው እንጂ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ቁጣ ጀመረ።

«ሳይበላ ሄደ እኮ!» አለች አንዲት አሮጊት። «በዚያ ብርድ!»

«ፒሮጊው የታለ?» አለ ገስ።

«ጎመኑስ?» አለ አንድ ስሎቫክ።

ክሌም አልሳቀም። «እንዲህ ነው እንጂ» የተባለውን ሰምቷል። ተነሣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ መውጫው መሄድ ጀመረ። አሥራ አምስት እርምጃ ነበረው። ከእንግዲህ ለከርሞ ብሎ መጠበቅ እንኳ የለም፤ አራቱ ደቂቃ ለዘለዓለም ተሞልቷል።

ማቆሚያውን ፈለግሁ። አሥራ ሁለት ቁልፍ አለ። ባርኔጣዬን አውልቄ የማሽኑ ዓይን ላይ ሰቀልኩት። ስክሪኑ ጨለመ። ድምፁን ዘጋሁ፣ እሱን አውቀዋለሁ። መብራት አበራሁ።

«ኤሚል!» ሎሬን ከታች ጮኸች። «ምን ሆነ?»

ጭንቅላቴን በመስኮቱ አወጣሁ።

«ቅጥያው ጋ ደርሰናል» አልኩ።

«ቅጥያ የለውም እኮ!»

«አሁን አለው።»

ከዚያ በኋላ ማንም ትእዛዝ አልጠበቀም። ገስና ሁለት ሰዎች የፈንዲሻውን ጠረጴዛ ተሸክመው መድረክ ላይ አወጡት። ክሌም መተላለፊያው ላይ ቆሟል። ቬልማ ከፊቱ ቆማለች። ቦርሳዋን ከፈተች። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት አወጣች። እንፋሎቱ መስኮቴ ድረስ ይታየኝ ነበር።

ክሌም ድስቱን አየ። እጁን ሱፉ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተና ሹካ አወጣ።

«ለማንኛውም ብዬ ነው» አለ።

«ገና መድረክ ላይ አልወጣህም፣ ስለዚህ አልሰማሁህም» አለችው። «ቅደም።»

ወጡ። ድስቱን አስቀመጠች፣ ሻርፑን ከቦርሳዋ አወጣች። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሄዶ እንደ ልማዱ በር ገፍቶ ገባ።

«እግርህን ጠርገሃል?»

አጉረመረመ። ሰው አጨበጨበ።

ቬልማ ሻርፑን በሁለት እጇ ጫፍና ጫፉን ያዘች። አየችው። የጨለመውን ስክሪን አየች። አዳራሹ ገና ሳትናገር መሳቅ ጀመረ።

«እንግዲህ ፊልሙን ሁላችንም አየን» አለችው። «ዘንድሮ የቱ ይሻልሃል? ላብላህ ወይስ ልነቅህ?»

ክሌም አፉን ከፈተ። ማጉረምረሙ አልወጣም። ትልቅ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ቧንቧውን ልሥራልሽ» አለ።

ሕዝቡ ብድግ አለ።

«አይናገርም! ግራጫው አይናገርም!» ገስ ወንበር ላይ ቆመ። ፈንዲሻ እንደ በረዶ ወረደ። «አውርዱት! ደንብ ነው! አይናገርም!»

ቬልማ ወደ አዳራሹ ዞረች። ስድስት መቶ ልጅ ስታበላ የኖረች ሴት ናት።

«ዝም በሉ!»

ዝም አሉ።

«እናንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ እኛ አውርታችኋል። አንድ ጊዜ እሱ ቢያወራ ምን ትሆናላችሁ? ገስ፣ ውረድ ከወንበሩ። ወገብህን ትሰበራለህ።»

ገስ ወረደ።

«በል ጨርስ» አለችው ክሌምን።

«ጎማዋ ናት የተበላችው» አለ ክሌም። ላብ አጥምቆታል። «ትንሿ ጎማ። እሷን መለወጥ ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።»

«የስንት?»

«ቢበዛ አሥራ አምስት።»

«ሠላሳ ዓመት ጠብ ጠብ ሲል ያዳመጥኩት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር?»

ሻርፑን ሳበችው። የእውነት ታንቀዋለች ብዬ ደረጃውን ለመውረድ ተነሥቼ ነበር።

ክሌም አጉረመረመ። ብዙ ማጉረምረሙን ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። ረጅም ነበር፣ መጨረሻው ላይ ቀጠነ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባለ ጢሙ ደብተሩን ዘጋ።

ቬልማ ሻርፑን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከማሽን ክፍል እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። ኋላ ድምፅ ሲወጣት ሳቅ ነበር።

«መጀመሪያ ብላ» አለችው። «ይቀዘቅዛል።»

ስድስት ፒሮጊ በላ። ማንም አላስቸኮለውም። ሲጨርስ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት፣ ጫፉን ሸጎጠች፣ ወደ በሩ ገፋችው።

«ማክሰኞ» አለችው። «እግርህን ጠርገህ።»

መብራቱን አጠፋሁ። ባርኔጣዬን አነሣሁ።

ሳጥኑ ግን አልጠበቀንም። ስክሪኑ ላይ ግንቡ እየነደደ ነበር፤ የፊልሙ ሐኪም ልጅ በሌሊት ልብሷ ጣሪያው ላይ ቆማለች፣ ግራጫው ጫማውን በእጁ ይዟል። ጣሪያው ላይ እንዴት እንደወጣች፣ ጫማውን ለምን እንዳወለቀ በአዲሱ ቅጂ ማንም አላየም። የድሮው ላይ ያንን ሁሉ በየዓመቱ አይተነው ነበር፤ አሁን አንዱም እርግጠኛ አይደለም። ገስ ጫማው ስለጠበበው ነው ይላል። ስሎቫኮቹ ሌላ ነገር ይላሉ። ሎሬን ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ በአራተኛው ቀን ደረጃውን ወጥታ ለከርሞ የትኛውን እናሳይ ብላ ጠየቀችኝ። አዲሱን አልኳት። ባርኔጣዬን ግን ይዤ እመጣለሁ አልኳት።

ማክሰኞ ፖስታ ቤት ሄድኩ። የሰው ቤት የምቃኝ ሰው አይደለሁም፤ ግን መንገዱ ትንሽ ሲዞሩት በቬልማ ደጅ ያልፋል። ጠዋት በሦስት ሰዓት የክሌም መኪና ደጇ ቆሞ ነበር። ቦት ጫማው በረንዳው ላይ፣ ምንጣፉ አጠገብ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሌላ ደብዳቤ ትዝ አለኝና በዚያው በኩል አለፍኩ። መኪናውም ቦት ጫማውም እዚያው ናቸው።

የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።